ምልክቱ ተገኘ፤ ባክቴሪያውስ?

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደይ ወቅት በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ በዳርትመዝ ሂችኮክ የሕክምና ማዕከል የሚሠሩ አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም ሳል ያዛቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፋታ አልሰጣቸውም። ብዙ ሳይቆይ ሌሎች የሆስፒታሉ ሠራተኞችም ይስሉ ጀመር። የተላላፊ በሽታ ባለሙያዎቹ ነገሩን ሲያዩ አንድ ጥርጣሬ አደረባቸው፦ ትክትክ ይሆን?

ጥርጣሬው በዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። ትክትክ አዋቂን ለሳምንታት ያንገላታል እንጂ ብዙ ጊዜ አይገድልም፤ አራስ ሕፃንን ግን ትንፋሽ አሳጥቶ ሊገድል ይችላል። ሆስፒታል ደግሞ አራሶችና አቅም ያጡ ሕሙማን የተኙበት ቤት ነው። ስለዚህ ኃላፊዎቹ ጊዜ አላጠፉም። የሚያስለው ሠራተኛ ሁሉ ከአፍንጫው ጀርባ ናሙና እየተወሰደ በፒሲአር ተመረመረ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስም ከሥራ ገለል እንዲል ተደረገ። ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተመረመሩ። ከ130 የሚበልጡት ትክትክ ይዟቸዋል ተባለ። ከ1,400 በላይ ሰዎች አንቲባዮቲክ ወሰዱ፤ ከ4,500 በላይ ሠራተኞች ተከተቡ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋዎች ሳይቀሩ ከአገልግሎት ውጭ የሆኑበት ጊዜ ነበር።

ከዚያ በኋላ የካልቸሩ፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ የማሳደግ ምርመራው፣ ውጤት መጣ። ከናሙናዎቹ በአንዱም የትክትክ ባክቴሪያ አላደገም። ለማረጋገጫ የተደረጉት ሌሎች ምርመራዎችም ወረርሽኙን አልደገፉትም። ከወራት በኋላ ለሠራተኞቹ በኢሜይል የደረሳቸው መልእክት ያ ሁሉ ርብርብ የሐሰት ማንቂያ እንደነበር የሚገልጽ ነበር። ሰዎቹ በእርግጥ ታመው ነበር፤ በእርግጥም ሲያስላቸው ከርሟል። ያመማቸው ግን ትክትክ አልነበረም።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ሆስፒታሉን ለመውቀስ አይደለም። ለሕፃናቱ ተጨንቀው በእጃቸው ካለው መሣሪያ ሁሉ ፈጣኑን መረጡ። በእነርሱ ቦታ የነበረ ማንም ጠንቃቃ ሐኪም ከዚህ የተለየ ያደርግ ነበር ብዬ አላምንም። ታሪኩን የማነሣው ዛሬ በየአገሩ፣ በእኛም ጤና ጣቢያዎች ጭምር፣ ባክቴሪያን በዘረመሉ የሚለዩ መሣሪያዎች እየበዙ ስለሆነና የእነዚህ መሣሪያዎች መልስ ብዙ ጊዜ ከተናገረው በላይ ስለሚነበብ ነው።

የትክትክ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ለማሳደግ አስቸጋሪ ነው። የተለየ ምግብ ይፈልጋል፤ ለማደግ ብዙ ቀናት ይወስዳል፤ ናሙናው መንገድ ላይ ከቆየ ይሞታል። በሽተኛው አንቲባዮቲክ ከጀመረ ወይም ሳሉ ሳምንታት ካስቆጠረ ጨርሶ ላይገኝ ይችላል። ፒሲአር ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል። ኮቪድ ስሙን ለሁላችንም ያስተማረን ይህ ዘዴ ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ከባክቴሪያው ዲኤንኤ ውስጥ አስቀድሞ የተመረጠች አንዲት አጭር ቁራጭ ነው። ካገኛት ያባዛታል። አንዷ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ በ35 ዙር ከ34 ቢሊዮን በላይ ይደርሳሉ። ኃይሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል።

ምርመራውን የሚነድፉ ሰዎች የትኛዋን ቁራጭ እንደሚመርጡ ማወቅ ይጠቅማል። ለትክትክ የተመረጠችው አይኤስ 481 የምትባለው ነበረች። የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በአንድ የትክትክ ባክቴሪያ ውስጥ ከ50 እስከ 200 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተደጋግማ ትገኛለች። አንዴ ብቻ ከምትገኝ ቁራጭ ይልቅ ሁለት መቶ ጊዜ የምትገኘውን ማግኘት ይቀላል፤ የአንድ ሴል ስባሪ እንኳ ይበቃል። ችግሩ አይኤስ 481 የትክትክ ባክቴሪያ ብቻውን የያዛት ቁራጭ አለመሆኗ ነው። ቦርዴቴላ ሆልሜሲ የሚባለው ዘመዱም በትንሽ ቁጥር ይዟታል። ምርመራው ሰውን በአባቱ ስም ብቻ እንደሚፈልግ መልእክተኛ ነው፤ «የከበደ ልጅ» ብሎ ሲጣራ ከወንድማማቾቹ የቀረበው አቤት ይላል።

እንዲህ ያለ ስሜቱ የበረታ ምርመራ ሌላም ፈተና አለበት። ለብናኝ ዲኤንኤ እንኳ ምላሽ ይሰጣል። በአሜሪካ እንደተረጋገጠው አንዳንድ የትክትክ ክትባቶች በፒሲአር ሊታይ የሚችል የባክቴሪያው ዲኤንኤ አላቸው። ክትባቱ በሚሰጥበት ክፍል ጠረጴዛና እጀታ ላይ የቀረ ቅንጣት በነርሷ ጓንት በኩል ወደ ናሙናው ሊገባ ይችላል። ጠዋት ሕፃናት የተከተቡበት ክፍል ውስጥ ከሰዓት በኋላ የሚያስል ሰው ናሙና ቢሰጥ፣ ማሽኑ ያገኘው ከሰውየው ጉሮሮ ይሁን ከክትባቱ ጠብታ ለይቶ አይናገርም። ዲኤንኤ ዲኤንኤ ነው፤ ከየት መጣህ ተብሎ አይጠየቅም።

በዚያው በ2006 መኸር፣ በአትላንቲክ ማዶ፣ ተቃራኒው ተከሠተ። በስዊድን ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ሐላንድ አውራጃ የክላሚዲያ ሕሙማን ቁጥር ከቀደመው ዓመት በሩብ ያህል ቀነሰ። እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ ሰው ደስ ይለዋል፤ የሐላንድ የላቦራቶሪ ሰዎች ግን ተጠራጠሩ። የወጣቶቹ አኗኗር አልተለወጠም፤ በሽታው በምን ምክንያት ቀነሰ? ናሙናዎቹን በሌላ ዘዴ ደግመው ሲመረምሩ ጉዱ ወጣ። ክላሚዲያው አልቀነሰም። ከባክቴሪያው ፕላስሚድ (ከዋናው ዘረመል ተነጥላ ከምትገኝ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት) ላይ 377 የዲኤንኤ ፊደላት ተቆርጠው የወደቁበት አዲስ ዝርያ ተፈጥሮ ነበር፤ የአቦትና የሮሽ ኩባንያዎች ምርመራዎች የሚፈልጓት ቁራጭ ደግሞ ከወደቀችው ክፍል ውስጥ ነበረች። ባክቴሪያው ያለ እርሷ በደኅና ይኖራል፤ ይተላለፋልም። ምርመራው ግን «የለም» ይላል።

ፕላስሚዱ ለምን ተመረጠ? እንደ አይኤስ 481 ሁሉ በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ በብዙ ቅጂ ስለሚገኝ ነው። በትክትክ የሌለውን አለ ያሰኘው ምርጫ በክላሚዲያ ያለውን የለም አሰኘ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የተከተለው ነገር ነው። «ነጻ ነህ» የተባለ ሰው አይታከምም፤ ያልታከመ ሰው ያስተላልፋል። የተሰወረው ዝርያ በምርመራው ምክንያት ከዘመዶቹ የተሻለ ዕድል አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት እነዚህን ሁለት ምርመራዎች በሚጠቀሙ አውራጃዎች ከክላሚዲያው ከ20 እስከ 65 በመቶ የሚሆነው ይኸው ዝርያ ሆኖ ተገኘ፤ በሌላ ኩባንያ ምርመራ በሚጠቀሙት ግን ከ7 እስከ 19 በመቶ ብቻ ነበር። ክላሚዲያ ምልክት ሳያሳይ ከርሞ ሴትን መካን ሊያደርግ የሚችል በሽታ ነው። በእነዚያ ወራት «ምንም የለብሽም» ተብለው ወደ ቤታቸው የሄዱ ወጣት ሴቶች አሉ። ኩባንያዎቹ በኋላ ምርመራዎቹን አሻሽለው በአንዲት ቁራጭ ፈንታ ሁለት እንዲፈልጉ አደረጓቸው። ያም ሆኖ በ2019 በፊንላንድ አንዲት ፊደል ብቻ የተለወጠችበት ሌላ የክላሚዲያ ዝርያ ሌላ የታወቀ ምርመራ አምልጦ ተገኘ።

እስካሁን ያነሣነው አንድን የታወቀ ባክቴሪያ ፈልጎ ስለማግኘትና ስለማጣት ነው። «ምን እንዳለ አላውቅም፤ ያለውን ሁሉ ንገረኝ» ለሚለው ጥያቄስ? ለዚህ ለዓመታት ያገለገለው 16ኤስ የሚባለው የራይቦዞም ጂን ነው። ሳይንቲስቱ ካርል ዉዝ በ1970ዎቹ የዚህን ጂን ውጤት እያነጻጸረ የሕይወትን የዘር ሐረግ እንደ አዲስ ሣለው፤ በ1977 አርኬያ የሚባሉት ረቂቅ ሕያዋን ከባክቴሪያ የተለየ ዘር መሆናቸውን አሳየ። ጂኑ በባክቴሪያ ሁሉ ዘንድ ይገኛል፤ ርዝመቱ 1,500 ፊደላት ገደማ ነው፤ ለውጡም ዘገምተኛ ነው። ዘገምተኛ መሆኑ የሩቅ ዘመዶችን ለማነጻጸር በጅቶታል። የቅርብ ዘመዶችን ለመለየት ግን ይኸው ጠባዩ ያሰናክለዋል። ማይኮባክቴሪየም ካንሳሲ ሳንባን የሚያሳምም ባክቴሪያ ነው፤ ማይኮባክቴሪየም ጋስትሪ በአብዛኛው ምንም የማያደርግ ነው፤ የሁለቱ 16ኤስ ግን አንድ ዓይነት ነው። የሰው ቲቢና የከብት ቲቢም በዚህ ጂን አይለዩም።

አባ ሰንጋን እንውሰድ። የአገራችን ከብት አርቢ ስሙን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ታሞ የሞተ ከብት ሥጋና ቆዳ ምን እንደሚያመጣ በየመንደሩ የሚነገር ነው። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ሁለት የቅርብ ዘመዶች አሉት፤ አንዱ በአፈርና በምግብ ውስጥ የሚገኘው ባሲለስ ሴሬየስ፣ ሌላው ለተባይ መከላከያ በሰብል ላይ የሚረጨው ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ነው። በ16ኤስ ሦስቱን መለየት አዳጋች ነው። ገዳዩን ገዳይ የሚያደርጉት ሁለት ፕላስሚዶች ናቸው፤ በአንደኛው ላይ መርዙ፣ በሌላው ላይ ባክቴሪያውን ከሰውነት መከላከያ የሚጋርደው ሽፋን ተጽፏል። እንግዲያው ፕላስሚዶቹን መፈለግ ይበቃ ይሆን? አይበቃም። ፕላስሚድ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ይሻገራል። በ1994 በሉዊዚያና ግዛት አባ ሰንጋ በሚመስል ከባድ የሳንባ ሕመም ከታመመ ሰው የተገኘው ባክቴሪያ ሴሬየስ ነበር፤ የአባ ሰንጋን መርዝ የሚያመርተው ፕላስሚድ ግን በእርሱ ውስጥ ተገኘ።

ይህን ያላገናዘበ ንባብ ምን እንደሚያመጣ የኒው ዮርክ ነዋሪዎች በ2015 አይተውታል። የዊል ኮርኔል የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር 466 ጣቢያዎች እየዞሩ መደገፊያውን፣ ወንበሩንና የቲኬት ማሽኑን በጥጥ እየጠረጉ ዲኤንኤ ሰበሰቡ። ሥራው ትልቅና የሚደነቅ ነበር። በጥናቱ መሠረት ከተገኘው ዲኤንኤ ግማሽ ያህሉ ከማንም የታወቀ ፍጡር ጋር አልገጠመም። ከገጠመው ውስጥ ግን የአባ ሰንጋና የጥቁር ሞት ወረርሽኝ ያመጣው የፔስት ባክቴሪያ ምልክት አለ ተባለ። ዜናው ዓለምን ዞረ። የከተማዋ ጤና ቢሮ ወዲያው ተቃወመ። በሽተኛ የለም፣ ሕያው ባክቴሪያ አልተገኘም፤ ያለው በኮምፒዩተር የተዛመደ አጫጭር የፊደል ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ከመረጃ ቋቱ ውስጥ ይበልጥ የሚመስለውን ይመርጣል፤ ትክክለኛው ባለቤት ቋቱ ውስጥ ከሌለ የቅርብ ዘመዱን ስም ይሰጣል። በዚያው ዓመት ተመራማሪዎቹ ጽሑፋቸውን አረሙ፤ ማስረጃው ሁለቱ ገዳዮች ለመኖራቸው እንደማይበቃም ገለጹ። የመጀመሪያውን ዜና የሰማ ሁሉ ግን እርማቱን አልሰማም።

ናሙናው ውስጥ ያለው ዲኤንኤ እያነሰ በሄደ መጠን ሌላ እንግዳ ብቅ ይላል። በ2014 በብሪታንያ የወጣ አንድ ጥናት ይህን በማያሻማ መንገድ አሳየ። ተመራማሪዎቹ አንድ ንጹሕ ባክቴሪያ፣ ሳልሞኔላ ቦንጎሪን ብቻ፣ ወስደው አሥር አሥር እጥፍ እያቀጠኑ ናሙናዎቹን ለሦስት ተቋማት ላኩ። ወፍራሙ ናሙና ላይ ሳልሞኔላው ብቻ ታየ። ናሙናው እየቀጠነ ሲሄድ ግን የአፈርና የውኃ ባክቴሪያዎች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ በመጨረሻም ሳልሞኔላውን ዋጡት። የየተቋሙ እንግዶችም የተለያዩ ነበሩ። ከየት መጡ? ዲኤንኤ ለማውጣት ከሚያገለግለው የፋብሪካ እሽግ፣ ከፈሳሹና ከማጣሪያው ነው። ፋብሪካው ፈሳሹን ከሕያዋን ቢያጸዳውም ከሞቱት ዲኤንኤ አላጸዳውም።

እነዚሁ ሰዎች በታይላንድና በምያንማር ድንበር ካለው የማይ ላ የስደተኞች ካምፕ ከሕፃናት አፍንጫ የተወሰዱ ናሙናዎችንም ደግመው አዩ። መጀመሪያ ላይ የሕፃናቱ ባክቴሪያ ከዕድሜያቸው ጋር የሚለዋወጥ መስሎ ነበር፤ የሚያምር ግኝት ነው። ሲመረመር ግን ልዩነቱን ያመጣው የልጆቹ ዕድሜ ሳይሆን የእሽጉ መለወጥ ነበር። የልጆቹ ናሙና በየጊዜው በተገዛ በተለያየ እሽግ ተሠርቶ፣ የፋብሪካው ቆሻሻ የልጆቹን ዕድገት መስሎ ታየ።

የእናቶችን እንግዴ ልጅ በተመለከተም እንዲሁ ሆነ። በ2014 በ320 እንግዴ ልጆች ላይ የተሠራ የአሜሪካ ጥናት በጤናማ እርግዝና ውስጥ ራሱን የቻለ የባክቴሪያ ማኅበር አለ አለ። በ2019 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች የ537 ሴቶችን እንግዴ ልጅ በጥንቃቄ መረመሩ። ሆን ብለው የታወቀ መጠን ሳልሞኔላ ጨመሩ፤ በሁለት የተለያየ እሽግም ሠሩ። የተባለውን ማኅበር አላገኙም። ከምጥ በፊት በተወሰዱት ናሙናዎች 5 በመቶ ገደማ ውስጥ በእርግጥ ነበር ሊባል የቻለው አራሶችን ሊያሳምም የሚችል አንድ የስትሬፕቶኮከስ ዓይነት ነው። ይህ ለሕክምና ፋይዳ ያለው እውነት ነው፤ ከቆሻሻው ክምር ሥር ተቀብሮ ሊቀር ይችል ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ፤ ጉዳዩ ከሁሉ በላይ የሚከብደው እዚህ ነው።

ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን ባለበት በየትኛውም ጤና ተቋም ጠዋት ላይ የሚታየው ይመሳሰላል። በሽተኛው በፕላስቲክ ዕቃ አክታውን ይሰጣል፤ ማሽኑ ከሌለበት ጤና ጣቢያ የሚመጣው አክታ ታሽጎ በፖስታ ቤት መኪና ሳይቀር ይጓዛል። የላቦራቶሪ ባለሙያው በአክታው ላይ እጥፉን ፈሳሽ ይጨምራል፤ በደንብ ይነቀንቀዋል፤ 15 ደቂቃ ያህል ጠብቆ ወደ ካርትሬጁ ያስገባዋል። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሁለት መልስ ይወጣል፦ ቲቢ አለ ወይስ የለም፤ ዋናውን የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንን ተላምዷል ወይስ አልተላመደም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መሣሪያ በ2010 መጨረሻ ከመደገፉ በፊት ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሳምንታትና ወራት ይፈጅ ነበር። መልሱ ሳይመጣ ያረፉ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ መሣሪያውን ለማጣጣል እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል።

ማሽኑ የሪፋምፒሲንን ጉዳይ የሚመረምርበት መንገድ ይህ ነው። አርፒኦቢ ከሚባለው ጂን ውስጥ 81 ፊደላት ያሏትን ክፍል በአምስት ጠቋሚዎች ይዳስሳል። አምስቱም በቦታቸው ከተጣበቁ «አልተላመደም»፣ አንዱ ካልተጣበቀ «ተላምዷል» ይላል። በዓለም ላይ ካለው የሪፋምፒሲን መላመድ 95 በመቶ ገደማ በዚህች ክፍል ውስጥ በሚከሠት ለውጥ ስለሚመጣ አሠራሩ ብልህ ነው።

የቀረው 5 በመቶ ግን በየአገሩ እኩል አልተከፋፈለም። በዛሬዋ ኤስዋቲኒ፣ በቀድሞዋ ስዋዚላንድ፣ በ2009 በተጀመረው አገር አቀፍ የመድኃኒት መላመድ ጥናት የተሰበሰቡ ናሙናዎች ሲመረመሩ፣ ብዙ መድኃኒት ከተላመዱት ዝርያዎች 30 በመቶ የሚሆኑት ከ81ዱ ፊደላት ውጭ፣ በ491ኛው ቦታ ላይ፣ ለውጥ እንዳላቸው ተገኘ። ይህ በ2015 ይፋ ሆነ። ማሽኑ እነዚያን በሽተኞች «ሪፋምፒሲን ይሠራላችኋል» ይላቸዋል። እነርሱም የማይሠራውን መድኃኒት በታማኝነት እየዋጡ ይከሳሉ፤ በቤት ያሉትንም ያስይዛሉ። ስዊድን ውስጥ በክላሚዲያ የሆነው በደቡባዊ አፍሪካ በቲቢ ሆነ። ልዩነቱ ይኸኛው የሚገድል መሆኑ ነው። ካልቸርም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም፤ ፈጣኑ የፈሳሽ ካልቸር ይህን ለውጥ ሲስተው ታይቷል።

በተቃራኒው ደግሞ ምንም ጉዳት የሌለው ለውጥ አለ። አንዲት ፊደል ብትለወጥም የሚሠራው ፕሮቲን ያው ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም በደንብ ይሠራል። ጠቋሚው ግን አይጣበቅምና ማሽኑ «ተላምዷል» ብሎ ይጽፋል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሕክምና ለረጅም ዘመን ምን እንደነበረ የቲቢ ክፍል ነርሶችን መጠየቅ ነው፤ ሃያ ወር ገደማ የሚፈጅ፣ ለወራት የሚወጋ መርፌ ያለበት፣ አንዳንዱን በሽተኛ መስማት የተሳነው አድርጎ የሚያስቀር ሕክምና ነበር። በስህተት ወደዚያ የገባ ሰው ያለ ጥፋቱ ተቀጥቷል።

ለስሌት ያህል 1 ሺህ የቲቢ በሽተኞች አሉ እንበል፤ ከእነርሱ 10 ብቻ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይኑራቸው። ምርመራው ካልተላመደባቸው ሰዎች 98 በመቶውን በትክክል ቢለይ እንኳ፣ ከ990ዎቹ ወደ 20 የሚጠጉት በስህተት «ተላምዷል» ይባላሉ። እውነተኞቹ 10፣ ሐሰተኞቹ 20። ማሽኑ አልተበላሸም፤ በሽታው ብርቅ በሆነበት ቦታ ጥሩ ምርመራም እንዲህ ያደርጋል። የዳርትመዝን ሠራተኞችም የጎዳቸው አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ ነው የመላመድ አደጋው ዝቅተኛ የሆነ በሽተኛ «ተላምዷል» ሲባል በአዲስ አክታ ምርመራው እንዲደገም የሚመከረው። ወረፋው ረጅም፣ ካርትሬጁ ውድ በሆነበት ተቋም ይህን ድጋሚ መዝለል ያጓጓል። መዘለል የለበትም።

ሦስተኛው ወጥመድ ሙታን ናቸው። የሞተ ባሲል (የቲቢ ባክቴሪያ) ዲኤንኤው ወዲያው አይጠፋም። ሕክምናውን በደንብ ጨርሶ የዳነ ሰው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ በሌላ ምክንያት ሲያስለው አክታው በጂን ኤክስፐርት ቲቢ ሊያሳይ ይችላል፤ በካልቸር ግን የሚያድግ የለም። በዚህ ምክንያት ማሽኑ የሕክምናን ሂደት ለመከታተል አይመከርም። በ2017 የተደገፈው አዲሱ ካርትሬጅ፣ አልትራ፣ ጉዳዩን ይበልጥ አጉልቶታል። የቀድሞው በአንድ ሚሊ ሊትር ከ110 በላይ ባሲሎችን ይፈልግ የነበረ ሲሆን አልትራ 16 ያህል ይበቃዋል። ይህን ያገኘው በብዙ ቅጂ የሚገኙትን አይኤስ 6110 እና አይኤስ 1081 የተባሉ ቁራጮች በመፈለግ ነው። ለልጆችና ኤችአይቪ በደማቸው ላለ ሰዎች ታላቅ ጥቅም ነው፤ አክታቸው ውስጥ ያለው ባሲል ጥቂት ነውና። በእስያ አይኤስ 6110 ጨርሶ የሌላቸው የቲቢ ዝርያዎች ስላሉ ሁለተኛዋን ቁራጭ መጨመሩ የስዊድንን ትምህርት ያገናዘበ ነው። ነገር ግን «ትሬስ» (እጅግ ጥቂት ቅሪት) የሚለው ውጤት ሲመጣ፣ ከዚህ በፊት ታክሞ ለነበረ ሰው፣ ማሽኑ ያየው አዲስ በሽታ ይሁን የድሮው ፍርስራሽ መወሰን ያለበት ሐኪሙ ነው። በዚህ ውጤት ላይ ስለ ሪፋምፒሲን መላመድ የሚነገር ነገርም አይኖርም፤ አርፒኦቢ አንዴ ብቻ የሚገኝ ጂን በመሆኑ በዚያ መጠን አይታይምና።

«መቼ ታክመው ያውቃሉ?» የምትለው ጥያቄ ለዚህ ከማንኛውም ሶፍትዌር ትበልጣለች። የምርመራ መጠየቂያው ቅጽ ላይ ለእርሷ ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ባዶውን ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ ጋር የማነሣው የወልዲያ ጉዳይ አለ። በ2013 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ የተለያዩ አካባቢዎች ከሳንባና ከዕጢ ቲቢ ሕሙማን የተገኙ 964 ናሙናዎችን መረመረ። የቲቢ ባክቴሪያ በዓለም ላይ ስድስት ዋና ዋና የዘር ሐረጎች እንዳሉት ይታወቅ ነበር። ከወልዲያ አካባቢ የመጡት አንዳንዶቹ ግን ከስድስቱ ወደ አንዱም አልገቡም። ሙሉ ዘረመላቸው ሲነበብ ከአፍሪካ ቀንድ ጋር የተቆራኘ ሰባተኛ ሐረግ መሆኑ ታወቀ። በ2015 በአማራ ክልል የተሠራ ሌላ ጥናት ይህ ሐረግ ያለባቸው በሽተኞች ወደ ሕክምና የሚመጡት ዘግይተው መሆኑን አሳየ።

ይህ ባሲል በወልዲያ ሰዎች ሳንባ ውስጥ ከዘመናት በፊት ጀምሮ ነበር። በመዝገብ ላይ ግን አልነበረም። ከአክታ ተነሥቶ፣ በካልቸር አድጎ፣ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ፣ ከዚያ ዘረመሉ ተነብቦ ነው የተመዘገበው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው የቲቢ መድኃኒት መላመድ ለውጦች ዝርዝር ከ38 ሺህ በላይ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቷል፤ በ2023 የወጣው ሁለተኛው እትም ከ52 ሺህ በላይ አድርሶታል። እያንዳንዱ ናሙና ዘረመሉ መነበቡ ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱ ባለበት አድጎ ወይም ሳያድግ መታየቱ ጭምር ነው ዝርዝሩን ያስገኘው። የሚቀጥለው ካርትሬጅ የሚነደፈው ከእንዲህ ያለው ዝርዝር ነው።

ስለዚህ የጂን ኤክስፐርት ማሽን በየወረዳው ሲተከል ደስ ይለኛል፤ የክልል ካልቸር ላቦራቶሪዎች ግን ፈጣን ምርመራ መጣ ተብሎ በጀታቸው ሲቀንስና ባለሙያዎቻቸው ሲበተኑ ማየት አልፈልግም። ማሽኑ የሚመልሰው ከዚህ በፊት የታወቀውን ጥያቄ ነው። ከወልዲያ፣ ከጂንካ ወይም ከሞያሌ የሚመጣ፣ እስካሁን ማንም ያልጠየቀበት ባሲል ቢኖር መጀመሪያ የሚያየው በካልቸር ብርጭቆው ላይ የበቀለውንና ማሽኑ የጻፈውን ጎን ለጎን አስቀምጦ «አይገጥሙም» የሚል ባለሙያ ነው። ያ ባለሙያ ሥራው ላይ እንዲቆይ፣ አለመግጠሙንም የሚያሳውቅበት ስልክና የሚሰማው ሐኪም እንዲኖረው ማድረግ የጤና ቢሮዎቻችን የዚህ ዓመት በጀት ጉዳይ ነው።